ንግግር አድርጉ ስትባሉ

«ነገ ንግግር አድርግ ተብያለሁ፤ ምን ልበል?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ነው። አንዱ ሚዜ ነው። አንዱ አባቱ ዐርፈውበት የሕይወት ታሪክ እንዲያዘጋጅ ቤተሰቡ የወከለው ልጅ ነው። አንዷ ደግሞ አለቃዋ አውደ ጥናት ሊከፍቱ ነውና ንግግሩን ጻፊ ተብላ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የኃላፊዎችን ንግግር ስጽፍ ነው የኖርኩት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ሥራው ሰፈሬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ለቅሶም ሲሆን ሰርግም ሲሆን ወረቀቱ እኔ ቤት ይደርሳል። ደስ ብሎኝ ነው የምሠራው።

ለሁሉም መጀመሪያ የምለው አንድ ነው። ገና እንዳትጽፉ። ጠይቁ።

ንግግር የተሰጠው ሰው ወዲያው ወደ ቃላት ይሮጣል። «በዚህች ታላቅና ታሪካዊ ቀን» ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። የቆመው አማርኛ አንሶት አይደለም። የሚናገረው ነገር ስላልያዘ ነው። ባዶውን ለመሙላት ቅጽል ይደረድራል። ታላቅ፣ ድንቅ፣ የማይረሳ ይላል። አድማጩም ስልኩን ያወጣል።

መጀመሪያ ጋባዡን ጠይቁ። ስንት ደቂቃ ተሰጠኝ? ከእኔ በፊት ማን ይናገራል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ሰው ቆሞ ነው ተቀምጦ የሚሰማኝ? ማይክ አለ? መብራት ቢጠፋስ? ጥያቄዎቹ ትንንሽ ይመስላሉ። ግን የንግግሩን ርዝመት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ስድስት ደቂቃ ብዙ ነው። ርቦት ለተቀመጠ ሰርገኛ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ሰውየውን ወይም ጉዳዩን የሚያውቁትን ጠይቁ። አጠያየቁ ላይ ነው ዋናው ነገር። «እናታችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብትሉ መልሱ የታወቀ ነው። «ደግ ነበሩ፣ ሰው ይወዱ ነበር» ትባላላችሁ። እውነት ነው፤ ግን የሁሉም እናት እንደዚያ ነው የሚባሉት። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? በምን ይቆጡ ነበር? ቡና ሲፈላ ማንን ነበር የሚያስጠሩት? ከቤት ሲወጡ ምን ሳይዙ አይወጡም? ገንዘብ ሲያገኙ መጀመሪያ ለምን ያውሉት ነበር?

አንድ ጊዜ ለአንዲት የሰፈራችን እናት ታሪክ ለመጻፍ ልጆቻቸውን ሰብስቤ ስጠይቅ «ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ሃይማኖተኛ» ብቻ ነበር የማገኘው። ከጥግ ተቀምጣ ሽንኩርት የምትልጥ ጎረቤት ቀና ብላ፣ «የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አስረው እኮ ነበር የሚተኙት» አለች። ለምን? ሌሊት ለቅሶ ቢደርስ ድንኳኑ ሳይነጋ እንዲተከል። ሳህኑን ሁሉ በስንጥቁ ያውቁት ነበር። አንድ ጎድሎ ቢመለስ ማን ቤት እንደቀረ ይናገሩ ነበር። ይኸው። ከዚህ በኋላ «ሩኅሩኅ» የሚለው ቃል አያስፈልግም። በማግሥቱ ቁልፉ ሲነሳ ለቀስተኛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ያንን ቁልፍ አይቶት ያውቃል።

የሕይወት ታሪክ

ብዙ ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ የሚጽፈው ንግግር ይህ ነው። ጊዜ የለውም፤ ሌሊቱን ተጽፎ ጠዋት ይታተማል። ጸሐፊው ራሱ አልቅሶ ዐይኑ ያበጠ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። ሥርዓቱን አልንቀውም። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የሚለው አካሄድ ለሐዘንተኛ ጆሮ መያዣ ነው። ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። እናንተ መሃሉ ላይ የራሳቸውን ነገር አስገቡበት።

የትውልድ ቦታን ቤተሰቡ በሚጠራው ስም ጻፉ። አዛውንቶች የተወለዱበት አካባቢ ዛሬ ዞኑም ወረዳውም ስሙ ተቀይሮ ይሆናል። ሟቹ ራሳቸው «መንዝና ግሼ አውራጃ» ሲሉ ከኖሩ እንደዚያው ይጻፍ፤ የአገራቸው ሰው ሲሰማ ደስ ይለዋል። የትውልድ ዘመን ላይ ተጠንቀቁ። «የጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት» ያሉ ሰው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ውስጥ ናቸው ማለት ነው። በመታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመት ደግሞ በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ካልተስማማ «በ1930 ዓ.ም. አካባቢ» ማለት ነውር የለውም። ዓመትና ዕድሜ አብራችሁ ከጻፋችሁ ቀንሳችሁ አረጋግጡ። ከለቀስተኛው መሃል የሚያሰላ ሰው አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የልጆች ስም ነው። ከተለያየ እናት የተወለዱ አሉ። በልጅነታቸው የሞቱ አሉ። ከአሳዳጊያቸው ጋር ያደጉና እንደ ልጅ የሚቆጠሩ አሉ። ውጭ አገር ሆነው ቀብሩን በስልክ የሚከታተሉ አሉ። «የስድስት ልጆች አባት» ስትሉ ስድስቱ እነማን እንደሆኑ ከአንድ ሰው ብቻ አትስሙ። ታላቅየዋን ልጅና አንድ የሟቹን ወንድም ወይም እኅት አስቀምጡና ረቂቁን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ሁለቱም «ይሁን» ካሉ በኋላ ይታተም። ስሙ ያልተጠራ ልጅ ለዓመታት ያንን ይዞት ይኖራል። አይቻለሁ፤ ከውርስ ጠብ የማይተናነስ ቅያሜ ነው የሚያመጣው።

በሽታውን ቤተሰቡ ካልፈለገ አትጥሩ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይበቃል። ማዕረግ ካላቸው በትክክል ይጻፍ፤ ቀሲስ፣ ሻምበል፣ ሃምሳ አለቃ፣ መምህር። የአክብሮቱን ግስ ከላይ እስከ ታች ጠብቁ። «ተወለዱ፣ ተማሩ» ብሎ የጀመረ ወረቀት ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ሠራ፣ ተመለሰ» ሲል ጆሮ ይቧጥጣል። በተለይ ሁለት ሰው ተጋግዞ ሲጽፈው ይህ ይመጣል። ወጣት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የሃያ ዓመት ልጅን «አንቱ» ብሎ መሸኘት ከወዳጆቹ ያርቀዋል።

አንባቢው የሟቹ ልጅ ባይሆን እመርጣለሁ። የወንድም ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይሁን። ልጁ እኔ ላንብብ ካለ ግን አትከልክሉት። ሌላ ቅጂ የያዘ ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ድምፁ ከተቋረጠ ካቆመበት ይቀጥላል። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። በሙስሊም ጎረቤቶቼ ዘንድ ቀብር ስለሚፋጠን ይህ ንባብ የተለመደ አይደለም። እዚያ ወጉ ቤት ሄዶ ማጽናናትና ዱዓ ማድረግ ነው፤ ንግግር ይዛችሁ አትሂዱ።

ለጆሮ መጻፍ

የቀብርም ይሁን የሰርግ፣ አጻጻፉ ላይ አንድ ነገር አይለወጥም። የሚሰማ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ አይችልም።

በአማርኛ ደግሞ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዐረፍተ ነገሩ ከረዘመ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። «ድርጅቱ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የገጠሙትን ፈተናዎች ተቋቁሞ፣ ሠራተኞቹን አስተባብሮ፣ ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅቶ፣ የደንበኞቹን ፍላጎት ለማርካት…» እያለ ሲሄድ ግሱ ሲደርስ መጀመሪያው ተረስቷል። ቁረጡት። «ፈተና ገጥሞናል። ሠራተኛው ግን አልተበተነም። ደንበኛም አልሸሸንም።» አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር። ትንፋሻችሁ ካለቀ ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው።

አሕጽሮት አትጻፉ። ወ/ሮ፣ መ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ኮ/ል የሚሉትን ሁሉ ዘርዝራችሁ ጻፉ። በጭንቀት መሃል ዐይን «ኮ/ል» ላይ ሲደርስ አፍ ይቆማል። ረጅም ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ በፊደል ጻፉት። «12.5 በመቶ» ከማለት «ከስምንት ሰው አንዱ» ማለት ይሻላል፤ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሊያየው ይችላል። በአንድ ንግግር ውስጥ ከሁለት ቁጥር በላይ የሚይዝ አድማጭ የለም። ሌላውን ሪፖርቱ ውስጥ ተዉት።

ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ለብቻችን ስናነብ ችግር የለውም፤ ወዲያው እናርመዋለን። መድረክ ላይ ግን ያደናቅፋል። «ይሰማል» ላልቶ ከተነበበ እሱ የሚሰማ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ የሚሰማው ድምፁ ነው። «ይመታል»ም እንደዚሁ፤ መቺውን ተመቺ ያደርገዋል። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ወረቀት ድንገት አንብብ የተባለ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። የምታደርጉት ቀላል ነው። በእስክሪብቶ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ። አንዳንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችና የቋንቋ መምህራንም ይህንኑ ያደርጋሉ። ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀጭን መስመር አስምሩ። የእንግዶችን ስም፣ በተለይ የውጭ ዜጎችን፣ አጠራሩን ከራሳቸው ወይም ከረዳቶቻቸው ጠይቃችሁ በግእዝ ፊደል እንደሚጠራው ጻፉት።

ርዝመቱን በገጽ አትለኩ። ስልካችሁ ላይ የአንድ ደቂቃ ማንቂያ ሙሉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በዚያች ደቂቃ ያነበባችሁትን ቃል ቁጠሩ። በተሰጣችሁ ደቂቃ አባዙት። ከዚያ ላይ ጥቂት ቀንሱ፤ መድረክ ላይ ጭብጨባ አለ፣ «አሜን» አለ፣ ማይክ መቀያየር አለ።

ሰርግ፣ ሽምግልና፣ ምርቃት

የሚዜ ንግግር አጭር፣ ሞቅ ያለና ንጹሕ ነው። አንድ ታሪክ ብቻ ምረጡ። ሙሽራው የሚስቅበትን ብቻ ሳይሆን የሙሽሪት አያትም የሚስቁበትን ምረጡ። የድሮ ፍቅረኛ፣ የመጠጥ ሌሊት፣ የተበደረው ብር አይነሱም። «ያን ቀን እኮ…» ብላችሁ ጀምራችሁ ጓደኞቻችሁ ብቻ የሚገባቸውን ነገር አታውሩ። አራት ሰው ይስቃል፤ አዳራሹ ሙሉ ዝም ይላል። ጥሩው ታሪክ ሙሽራው ሙሽሪትን ካወቀ በኋላ ምን እንደተለወጠ የሚያሳይ ነው። ለምሳሌ ስልክ የማያነሳ የነበረ ልጅ ድንገት በመጀመሪያው ጥሪ ማንሳት ከጀመረ ያንን ተናገሩ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ሙሽሪት አዙሩና አንድ ነገር ለእሷ በቀጥታ በሏት። ብዙ ሚዜ ይህን ይረሳል፤ ንግግሩን ሁሉ ለወንድየው ያደርገዋል።

ሁለቱንም ቤተሰብ አመስግኑ። ያሳደገች አክስት ካለች በስሟ ጥሯት። ዲጄውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሙዚቃውን መቼ እንደሚያጠፋ ይወቅ።

ምርቃት የአዛውንት ነው። ወጣት ከሆናችሁ «መልካም ጋብቻ ይሁንላችሁ» ብላችሁ ውረዱ። መራቂው እናንተ ከሆናችሁ ግን አትቸኩሉ። ምርቃት ተሰብሳቢው አብሮ የሚለው ነገር ነው። አጭር ሐረግ፣ ዝምታ፣ «አሜን»። አጭር ሐረግ፣ ዝምታ፣ «አሜን»። «የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ።» አሜን። «ውለዱ፣ ክበዱ።» አሜን። «የበላችሁት ያስማማችሁ፣ የለበሳችሁት ያሙቃችሁ።» አሜን። የሚያጣድፉ መራቂ ሕዝቡን «አሜን» የሚልበትን ቦታ ይነፍጉታል። የተለመደው ምርቃት ሲያልቅ ለእነዚህ ሙሽሮች ብቻ የሚሆን አንድ ጨምሩ። ልጁ ሾፌር ከሆነ ስለ መንገድ፣ ልጅቷ ነርስ ከሆነች ስለ እጇ መርቁ። ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው።

ሽምግልና ለሚሄዱ ደግሞ፦ አንድ ተናጋሪ ምረጡ፤ ሌላው አያቋርጥ። ቆማችሁ ጀምሩ። ከማን ቤት እንደመጣችሁ፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ተናገሩ። ከዚያ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብላችሁ ዝም በሉ። ልጁን ከልክ በላይ አታወድሱት፤ የሴቷ ወላጆች ያጣራሉ። ጥያቄ እንደሚመጣ ጠብቁ። «ቤተሰቡ እነማን ናቸው? የት ሊኖሩ ነው?» ይላሉ። መልሱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። «ሌላ ቀን ኑ» ከተባላችሁ ቀጠሮውን በምስጋና ተቀበሉ፤ ያም የወጉ አካል ነው።

ቢሮ

የመክፈቻ ንግግር ሦስት ነገር ይፈልጋል። ለምን ዛሬ እንደተሰበሰብን፣ ከተሰብሳቢው ምን እንደሚጠበቅ፣ ማን እንደሚመሰገን። ከዚያ «አውደ ጥናቱ በይፋ ተከፍቷል» ብሎ መውረድ ነው። መጀመሪያ የሚናገር ሰው እንግዶቹን በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ይጥራ። ከእሱ በኋላ የምትናገሩ ከሆነ «ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብላችሁ እለፉ። ስድስት ሰው በተራ ያንኑ ዝርዝር ሲደግም የሻይ ሰዓት ያልቃል። የሥራ ኃላፊዎችን ስም በዕለቱ ጠዋት እንደገና አረጋግጡ፤ ሹመት በአንድ ሌሊት ይቀየራል።

ለአለቃ ስትጽፉ ወሬያቸውን አዳምጡ። እኔ ረቂቅ ከመጀመሬ በፊት አሥር ደቂቃ አስፈቅጄ «ስለዚህ ጉዳይ ቤት ሲሄዱ ለልጅዎ ምን ይሉታል?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። የሚመልሱት ንግግሩ ነው። «አኳያ» የለውም፣ «አንጻር» የለውም። ያንን ጻፍኩ፤ ሌላውን ማዕረግና ምስጋና ጨመርኩበት።

እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል፦ «የንጹሕ መጠጥ ውኃ ተደራሽነትን ከማሳደግ አኳያ የተከናወኑ ተግባራት አበረታች ውጤት የታየባቸው ቢሆንም ቀሪ ሥራዎች መኖራቸው ተገምግሟል።» ማን ሠራ? የት? ምን ቀረ? ደውዬ ጠይቄ እንዲህ አደርገዋለሁ፦ «ሦስት ቀበሌዎች ውኃ አልነበራቸውም። ዘንድሮ ሁለቱ አግኝተዋል። ሦስተኛው አላገኘም፤ ፓምፑ አልደረሰም።» ኃላፊ አንዳንዴ ይህን ይፈራል። ያልተሠራው ጎልቶ ታየ ይላል። እኔ የምመልሰው የዚያ ሦስተኛ ቀበሌ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላል ብዬ ነው። እሱ ሦስተኛውን ካልሰማ ሁለቱንም አያምንም።

ሰውን ለማሳመን

ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ ለአቤቱታ፣ ለክርክር የምትናገሩ ከሆነ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተደረገውን ንግግር አንብቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ጣሊያን በአገራቸው ላይ ያደረገችውን ተናገሩ። ፈረንሳይኛ ይችሉ ነበር፤ በአማርኛ ነው የተናገሩት። መናገር ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ፉጨትና ጩኸት ለቀቁባቸው። ንጉሡ አልመለሱላቸውም። ጋዜጠኞቹ ተገፍተው እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙና ጀመሩ። ለሚረበሽ ተናጋሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለኝም።

ጽሑፉ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ አስተውሉ። የመርዝ ጋዙን ሲናገሩ «አረመኔያዊ» ብለው አይቆሙም። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ በተከታታይ እንደመጡ፣ መርዙ እንደ ደቃቅ ዝናብ እንደወረደ፣ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙ፣ ሐይቁ፣ የግጦሹ መሬት እንደራሰ ይዘረዝራሉ። ሰሚው ፍርዱን ራሱ ይሰጣል። መጨረሻ ላይም የተቀመጡትን መንግሥታት ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው ይጠይቃሉ። ማኅበሩ ያንን ሕዝብ አላዳነም። ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ለትምህርት ቤት ጣሪያ ገንዘብ የምትለምኑም ከሆነ አካሄዱ ያው ነው። «ትምህርት የልማት መሠረት ነው» ማለት ኪስ አያስከፍትም። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ዝናብ የሚያፈሰው በየትኛው ጥግ ነው? ልጆቹ ሲዘንብ ወንበራቸውን ወዴት ይገፋሉ? አንድ ቆርቆሮ ዛሬ በገበያ ስንት ነው? ያንን ንገሯቸው። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በግልጽ ጠይቁ፤ ስንት ቆርቆሮ፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጡ። አፍራችሁ «የቻላችሁትን» ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሰዉም የቻለውን ሳያውቅ ይወጣል።

የስንብትና የምረቃ ቀን ንግግር ቀላሎቹ ናቸው። ጡረታ ለሚወጣ ባልደረባ እሱ ከሄደ በኋላ ቢሮው ውስጥ የሚጎድለውን አንድ ነገር ተናገሩ። ተማሪዎችን ወክላችሁ የምትናገሩ ደግሞ ክፍሉ ሙሉ የሚያስታውሰውን አንድ ቀን አንሱ፣ ወላጅና መምህር አመስግኑ፣ ውረዱ።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች የአያታቸውን ታሪክ ወይም የእኅታቸውን ሰርግ ንግግር በአማርኛ ለማድረግ ሲፈልጉ ይጽፉልኛል። አማርኛ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፤ ፊደል ግን አያነቡም። ሁሉንም በአማርኛ ካላልኩ ብለው አይጨነቁ። ከልባቸው የሚወጣውን በሚያልሙበት ቋንቋ ይናገሩ። ሦስት አራት አጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይምረጡ፤ ሰላምታው፣ አያትን በቀጥታ የሚያናግሩበት፣ ምስጋናው። እኔ በቴሌግራም ድምፄን ቀድቼ እልክላቸዋለሁ። እየሰሙ ይለማመዱታል፤ ጠብቆ የሚነገረውም በዚያው ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። አያት «አያቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» የምትለውን አንዲት መስመር ከሰሙ ሌላው ባይገባቸው እንኳ አይከፋቸውም።

መድረክ ላይ

ተለማመዱ፤ ግን ተኝታችሁ በዐይን አይደለም። ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሰው ፊት። እቤት ውስጥ ያለ ሰው ይበቃል። ሲሰሙ ዐይናቸውን አንድ ቦታ ላይ ካነሱባችሁ ያንን ቦታ አስምሩበት፤ ወይ ረዝሟል፣ ወይ አልገባም።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ። መሃሉን ከወረቀት ማንበብ ነውር አይደለም። ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፤ እኔ 18 አደርገዋለሁ። በወረቀቱ አንድ ጎን ብቻ ይታተም፣ ገጹ ቁጥር ይኑረው፣ በስቴፕለር አይመታ። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከሥሩ ጠንካራ ካርቶን ያዙ። ከስልክ አታንቡ፤ መሃል ላይ ይደወልላችኋል።

ማይኩን ሰው ሳይገባ በፊት ሞክሩት። ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት። መድረክ ላይ ወጥታችሁ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ካላችሁ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገራችሁ ያ ሆነ ማለት ነው። «ሳልዘጋጅ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ» ብላችሁም አትጀምሩ። ውጡ፣ ቁሙ፣ ወረቀቱን አስተካክሉ፣ ጸጥታው እስኪመጣ ጠብቁ። ከዚያ ጀምሩ። በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ቀና በሉ። ከፊት ረድፍ ያሉትን ባለሥልጣናት ብቻ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ የቆመውንም ሰው እዩት። እሱን ካያችሁት ድምፃችሁም ራሱ ይደርሰዋል።

እንባ ከመጣ አቁሙ። ውኃ ጠጡ። ማንም ጥሎ አይሄድም። በጥድፊያ ለማለፍ ከሞከራችሁ ግን ቃሉ ይቆራረጥና ሰሚው ይጨነቃል።

በእኛ አገር ፕሮግራም ሁልጊዜ ይዘገያል። ተራችሁ ሲደርስ የመድረክ መሪው ጠጋ ብሎ «ሰዓት ስለሌለ አሳጥሩልን» ይላችኋል። ይህን ጠብቃችሁ ሂዱ። ቤት እያላችሁ ቢቀሩ ንግግሩ የማይጎዳባቸውን አንቀጾች በእርሳስ ክበቧቸው። ሰላምታው አይቀርም። የዕለቱ ባለቤት ስም አይቀርም። ጠይቃችሁ ያገኛችኋት ያቺ እውነተኛ ታሪክ አትቀርም። ምስጋናውን ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር አውርዱት፤ አጠቃላይ አስተያየት የሆነውን ሁሉ ዝለሉት። «ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር ግን ሰዓት ስለሌለ» ብላችሁም አታማርሩ፤ ያ ራሱ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ያልተነበበውን ጨምራችሁ ሙሉ ወረቀቱን በመጨረሻ ለባለጉዳዩ ቤተሰብ ስጡት።